ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት፦ ጣና መሃል ለሚጠፋ የጀልባ ሞተር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር ላይ መንገደኛና ጎብኚ የምታመላልስ ጀልባ አለው። ሞተሩ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣ፣ ካርብሬተር ያለው። ክረምቱን ቆሞ ከረመ። መስከረም ላይ ሲሞከር ያለ ችግር ተነሳ። ጣጣው የመጣው ከወደብ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ ዘጌ ሲያቀና ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሄዳል። ከዚያ አቅም ያጣል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። በነዳጅ ቱቦው መሃል ያለችውን የጎማ የእጅ ፓምፕ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ገመዱን ሲስበው ይነሳል። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። መካኒኩ ካንዴላ ቀየረለት። ካርብሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈቶ አጠበው። ለውጥ የለም። አሁን "የሞተሩን የነዳጅ ፓምፕ ግዛ" ብሎታል። ጠያቂው "ልግዛ ወይ? የጣና ከፍታ ነው የሚያስቸግረው የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ነው?" ይላል።

እንዴት ከረምክ ወንድሜ? እንኳን ከክረምቱ በሰላም አወጣህ።

ፓምፑን አሁን አትግዛ። በመጨረሻ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እስካሁን ያየኸው ነገር ግን እሱን ለመክሰስ አይበቃም። ከፓምፑ በፊት በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። ሩብ ሰዓት ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው እነሱ ጋ ነው። አንድ ነገርም ልለምንህ። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ጭነህ አትውጣ። እየጨመቅህም ረጅም መንገድ አትንዳው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጻፍከው ምልክት። "የእጅ ፓምፑን ስጨምቅ ይነሳል" ብለሃል። የምትጨምቀው ግን ከጠፋ በኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንተ ከመቀመጫህ ተነስተህ፣ ጎማዋን ይዘህ እስክትጨምቅ ድረስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በዚያ መሃል ብዙ ነገር ይለወጣል። ሞተሩ ትንሽ ይቀዘቅዛል። የጋለ የእሳት ኮይል፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ይበርዳል። አየር አጥሮት የነበረ ታንከር በትንሽ ቀዳዳ አየር ስቦ ይመለሳል። የተበጠበጠ ቆሻሻ ይረጋል። ስለዚህ ሞተሩን ያስነሳው ጭመቃው ይሁን ዕረፍቱ እስካሁን አልታወቀም። መካኒክህም ሞተሩን ያየው መሬት ላይ ነው እንጂ ሲጠፋ አይደለም።

ይህን ለመለየት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ከዳርቻው አትራቁ። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፤ መቅዘፊያ ያዙ። አንዱ ይንዳ። ሌላው ታንከሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ የእጅ ፓምፑን በእጁ ይያዝ። ሞተሩ አቅም ማጣት ሲጀምር፣ ገና ሳይጠፋ፣ ነጂው የነዳጅ እጀታውን ባለበት ይተወው። ያኔ ሌላው ጎማዋን ደጋግሞ ይጭመቅ።

ሞተሩ ወዲያው ነፍስ ከዘራና ጉልበቱ ከተመለሰ ነዳጅ አጥቶ ነበር ማለት ነው። ካርብሬተሩ ነጻ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አይታጠብ። ጥፋቱ ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ፓምፕ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጭመቃው ምንም ካልለወጠ ደግሞ ፊትህን ወደ ካርብሬተሩ፣ ወደ እሳቱና ወደ ሙቀቱ አዙር። ከጨመቅህ በኋላ ከታፈነና ጭሱ ከጨመረ ሞተሩ የተቸገረው በነዳጅ ብዛት ነው።

እጅህ ውስጥ ያለችው ጎማም ብዙ ትናገራለች። ሞተሩ ሲደክም ጎማዋ ተጨማድዳ ጠፍጣፋ ከሆነች የሞተሩ ፓምፕ እየሳበ ነው፤ ከኋላ ግን የሚመጣለት የለም። ያ ፓምፕ ደህና ነው ማለት ነው። አየህ፣ አትግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው። ጎማዋ ክብ ሆና ስትጨመቅ ግን ባዶ ባዶ የምትል ከሆነ አየር እየገባ ነው። ክብና ነዳጅ የሞላች ሆና ሞተሩ ከተራበ ጥፋቱ ከእሷ ወደፊት ነው፦ ማገናኛው፣ ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) ወይም ፓምፑ።

አሁን ከታንከሩ እንጀምር።

የታንከሩ ክዳን ላይ አየር ማስገቢያ ብሎን አለች። ሲቆም ትዘጋለች፤ ሲነዳ ትከፈታለች። የምትወጣው ቤንዚን ቦታውን በአየር ካልተካች ታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ ይሄዳል። ሞተሩ መጀመሪያ አይሰማውም። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የአንተ ሞተር የሚያሳየው ልክ ይህን ነው። ብሎኗ ተከፍታም ቢሆን ቀዳዳዋ ሊደፈን ይችላል። ክረምቱን ቆሞ በከረመ ታንከር ላይ ጭቃና የተርብ ቤት አይጠፋም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ዋናውን ክዳን ላላ አድርገው። "ሽ" የሚል ድምፅ ሰምተህ ሞተሩ ከተመለሰ ሥራህን ጨረስህ። ዋጋው ቀዳዳዋን ማጽዳት ብቻ ነው። ክዳኑን በትልቁ ከፍተህ ግን አትንዳ። ማዕበል ሲረጭ ውኃ ይገባል፤ የቤንዚኑ ትነትም አደገኛ ነው።

ክዳኑ ካልሆነ መሳቢያዋን ቱቦ ከታንከሩ አውጥተህ እያት። ጫፏ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። ዝገት፣ የጀሪካን ቅርፊት፣ አንዳንዴ የጨርቅ ክር ይደፍናታል። መሳቢያዋ ራሷም ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ መሃሏ ላይ ከሆነ ታንከሩ ሙሉ ሳለ ችግር የለም። ነዳጁ ከስንጥቁ በታች ሲወርድ አየር መሳብ ትጀምራለች። ስለዚህ ሞተሩ የሚጠፋው ሁልጊዜ ታንከሩ ሲጎድል ነው ወይስ ሙሉም ሆኖ? ይህን አስተውል።

ቀጥሎ ቱቦው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ብዙ ሰው ቱቦውን የሚፈትሸው የእጅ ፓምፑን አጠንክሮ ነው። "ጨመቅሁት፣ የሚንጠባጠብ የለም፣ ደህና ነው" ይላል። ይህ ፈተና ግማሹን ቱቦ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስትጨምቅ ግፊት የሚፈጠረው ከጎማዋ ወደ ሞተሩ ባለው በኩል ነው። ከታንከሩ እስከ ጎማዋ ያለው ክፍል ምንጊዜም ይሳባል እንጂ አይገፋም። እዚያ ያለ ስንጥቅ ቤንዚን አያወጣም፤ አየር ብቻ ያስገባል። የተሰነጠቀ መቃ ይዞ ውኃ እንደሚስብ ሰው ነው፤ ይስባል፣ የሚደርሰው ግን ነፋስ ነው። ደረቅና ንጹሕ የሚመስል ቱቦ ሞተር ይገድላል የምለው ለዚህ ነው።

ለዚህ የሚሆን ጥሩ ፈተና አለ። ከዕቃ መሸጫ አንድ ስንዝር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ግዛ። ወደ ሞተሩ ፊልትሮ ከሚገባው ቱቦ ላይ በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቀህ ለጊዜው አስገባው። ሞተሩን ውኃ ላይ አሠራውና ተመልከት። ነዳጁ ሙሉ ሆኖ የሚያልፍ ከሆነ ደህና ነው። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ፈተናው ሲያልቅ ግልጹን ቱቦ አውጣው። ቤንዚን ያደርቀዋል፤ ሲሰነጠቅ ጀልባህ ውስጥ ነዳጅ ያፈሳል።

አየሩ በብዛት የሚገባው መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ቱቦውን ከታንከሩና ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ማገናኛዎች ውስጣቸው ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት፣ አላቸው። አሸዋ ይቆርጠዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። አውጥተህ እየው። ከጠነከረ ወይም ከተላጠ ቀይረው፤ ስትገጥመው በትንሽ ዘይት አርሰው። ቱቦው በሽቦ የታሰረ ከሆነ ሽቦውን ጣለው። ሽቦ በአንድ በኩል ይቆርጣል፣ በሌላ በኩል ያላላል። ፋሸታ ግዛ። የእጅ ፓምፑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለባት። ስትሞላም ቀስቷን ወደ ላይ አድርገህ ቀጥ አድርገህ ያዛት፤ በውስጧ ያሉት ቫልቮች በደንብ የሚሠሩት ያኔ ነው። ስንት ብትጨምቃት አልጠነክርም ካለች ወይ አየር እየገባ ነው፣ ወይ ቫልቮቿ ደክመዋል፣ ወይ ካርብሬተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ አልዘጋ ብላ ነዳጁ እየፈሰሰ ነው። መርፌዋ ከሆነች ካርብሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን ታያለህ።

ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላጥም ይችላል። የተላጠው ቆዳ ፓምፑ ሲስብ ይነሳና መንገዱን ይዘጋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይመለሳል። በዓይን አታየውም። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው፦ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ጓደኛህ ታንከሩን ከነቱቦው፣ ከነእጅ ፓምፑ ለአንድ ሰዓት ተዋስ። ማገናኛው ተመሳሳይ መሆኑን አይተህ ግጠምና ንዳ። ሞተርህ ሳይጠፋ ከሄደ ጥፋቱ በአንተ ታንከርና ቱቦ ውስጥ ነው። በተዋስከው ታንከርም ከጠፋ ጥፋቱ ከሞተሩ ኮፈን ሥር ነው። አንድ ሰዓት ውስጥ የመንገዱን ግማሽ ጣልክ ማለት ነው።

ወደ ኮፈኑ ሥር ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘው ፊልትሮውን ነው። ፍታው። ያለውን ነዳጅ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጥና አቆየው። ቤንዚን ከውኃ ይቀላል። ውኃ ካለ ከታች ይተኛል፤ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ከካርብሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎንም በካቻቢቴ ላላ አድርገህ እንዲሁ ተመልከት። የአንተ ታንከር ክረምቱን ግማሽ ሆኖ ከከረመ ውኃ ብታገኝ አይግረምህ። ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ይበርዳል። በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ዝናቡም በክዳኑ ይገባል።

ጣና ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ይመታል። ታንከሩ ሥር ተኝቶ የነበረው ውኃና ዝቃጭ ያኔ ይበጠበጥና ወደ መሳቢያዋ ይመጣል። ጠዋት የሚሄድ፣ ከሰዓት የሚጠፋ ሞተር ካየህ ካርብሬተሩን አትንካ። ታንከሩን አውርደህ አጽዳው። ጸጥ ያለ ውኃ ላይም የሚጠፋ ከሆነ ይህን ተወው።

ስለ ነዳጁም እናውራ። ማደያ ሰልፉ ሲረዝም ሰው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል። ይገባኛል፤ ሥራ ይቆማል። ነገር ግን ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዚህ ዓይነት ሞተር መርዝ ነው። አስነሳሱ ይከብዳል፤ ካርቦን ይሠራል፤ በሙሉ ጉልበት ሲሄድ ፒስተኑ ላይ ያለጊዜው እየፈነዳ ያንኳኳል። ዘይት ከመጨመርህ በፊት ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ የቅባት ምልክት አይተውም። ላምባ ያለበት ቅባት ያለው እድፍ ያስቀራል። ዘይት ከገባበት በኋላ ይህ ፈተና አይሠራም፤ ዘይቱ ራሱ እድፍ ይተዋልና። ሁልጊዜም በጨርቅ ሳይሆን በደቃቅ ወንፊት አጣርተህ ቅዳ። ቤንዚንን በአፍ ስቦ ከጀሪካን ማውጣትም ይቅርብህ። ትንሽ ወደ ሳንባ ከወረደ ሰው ሊገድል ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ አዎ፣ ፓምፑን ፍታ። የአንተ ሞተር ፓምፕ ኤሌክትሪክም ቀበቶም የለውም። ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ግፊቱ ይለዋወጣል። ያ ግፊት በትንሽ ቀዳዳ መጥቶ ስስ ጎማ ዲያፍራም ያወዛውዛል። ዲያፍራሙ ነዳጁን ይስባል፣ ይገፋል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። ያለው ይኸው ነው። ዲያፍራሙን ወደ ፀሐይ አንስተህ ተመልከት። ቀዳዳ፣ ስንጥቅ፣ መጨማደድ ወይም መድረቅ ካለበት አልቋል። ቫልቮቹ ጠርዛቸው ከተነሳ አይዘጉም። ለብዙዎቹ ሞተሮች ዲያፍራሙ፣ ቫልቮቹና ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ለብቻ ተጠቅልለው ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከሙሉ ፓምፕ በጣም ያነሰ ነው። መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ። ስትገጥም የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከግፊቱ ቀዳዳ ጋር ልክ መግጠም አለበት። ትንሽ ዞር ካለ አዲሱም ፓምፕ አይሠራም።

ዲያፍራሙ ከተቀደደ ሌላም ምልክት ይሰጣል። ቤንዚኑ በግፊቱ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። አንዱ ካንዴላ እርጥብና ጥቁር ይሆናል፤ ሌላው ደህና ነው። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ካንዴላ ቀለም ቡናማ ሲሆን ጥሩ ነው። ነጭና ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል። መካኒክህ የጣላቸውን አሮጌ ካንዴላዎች ካገኘሃቸው ተመልከታቸው።

አሁን ወደ ልመናዬ፣ እየጨመቅህ ረጅም መንገድ አትንዳው ወዳልኩህ። የመኪና ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ይደክማል፤ ዘይቱ ግን ከሥሩ አለ። የአንተ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል። በዚያው ሰዓት ማቃጠያው ክፍል ይግላል። ሙቀት ጨምሮ፣ ዘይት ቀንሶ፣ ሙሉ ጉልበት ላይ ያለ ፒስተን ሲሊንደሩን ይይዛል። "እየጨመቅሁ ደቅ ደሴት ድረስ እሄዳለሁ" የሚል ነጂ ጥቂት ብር በሚያወጣ ኦሪንግ ምክንያት ሞተሩን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ሲደክም ጉልበቱን ቀንስ፤ በዝግታ ወደ ዳር ተመለስ።

"እንግዲያው ዘይቱን ላብዛ" እንዳትል። በዚያችው የካርብሬተር ቀዳዳ ዘይት ሲበዛ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ካንዴላውም ይቆሽሻል። የአምራቹን መመሪያ ተከተል። መመሪያው 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር፣ ለ25 ሊትር ታንከር ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። በዓይን አይለካ። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ፣ ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለው ይሁን። የመኪና ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል።

ስለ ከፍታው የነገሩህ ሰዎች ከፊል እውነት አላቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። 40 ፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚህ 33 አካባቢ ቢሰጥ ነው። ካርብሬተሩ ለባሕር ወለል አየር የተስተካከለ ከሆነ ለዚህ ለሳሳው አየር ነዳጁ ይበዛበታል፦ ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ብዙ ወጪ። መድኃኒቱ አምራቹ ለከፍታ ያዘዘውን ጠበብ ያለች ጄት (ካርብሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) መግጠምና ለፕሮፔለሩም ዝቅ ያለ ፒች (የክንፎቹ ጥምዘት) መምረጥ ነው። ይህ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚታይ ነገር ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ደግሞም የከፍታ ችግር ነዳጅ መብዛት ነው፤ የአንተ ሞተር የሚመስለው ነዳጅ ማጣት ነው። አሁን ጠባብ ጄት ብታስገባ ረሃቡን ታባብሳለህ።

ከፍታው በሌላ በኩል ግን ይነካሃል። ነዳጁን ከታንከር ወደ ፓምፕ የሚገፋው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ቤንዚኑም በቀላሉ ይተናል። ጥቁር ቱቦ ቀትር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ ፓምፑም በጠባብ መንገድ በኃይል እየሳበ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ትነት ይፈጠራል። ስለዚህ ቱቦውን አታስረዝም። ከመቀመጫ ሥር ጥላ ውስጥ አሳልፈው። ታንከሩንም ከሞተሩ በጣም ዝቅ ብሎ እንዳይቀመጥ አድርግ። ረጅም ጀልባ ያላቸው ሰዎች ክብደት ለማመጣጠን ብለው ታንከሩን አፍንጫው ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚስብ ፓምፕ ይደክማል።

የጭመቃው ፈተና ምንም ካልለወጠ መጀመሪያ ውኃውን ተመልከት። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የምትወረወር ቀጭን ውኃ አለች። ከቀነሰች ወይም ከቆመች ሞተሩ እየጋለ ነው። እምቦጭ፣ ደንገልና የፌስታል ቁራጭ ከታች ያለውን የውኃ መግቢያ ይደፍናሉ። መሬት ላይ ሞተሩን በደረቁ አታስነሳ፤ የውኃ ፓምፑ ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። በርሜል ውኃ ውስጥ አስገብተህ አሠራ። ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት ካንዴላው ላይ እሳት መኖሩንም ፈትሽ፤ ግን አካባቢው ላይ የቤንዚን ሽታ እንዳይኖር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ሲሸት ምንም አታስነሳ፣ ሲጋራም አይለኮስ።

ስለ ካርብሬተሩ ብዙ አልልም፤ ሁለቴ ታጥቧል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ) ሲሠራ የሚጠፋ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ደህና የሚሄድ ሞተር የሚኒሞዋ ጄት ተደፍናለች። ቾክ ተስቦ ብቻ የሚሄድም ነዳጅ አንሶታል። ካጠበው ሰው አንድ ነገር ጠይቅ፦ ጄቶቹን በሽቦ ወግቷቸዋል? ጄት ለስላሳ ነሐስ ናት፤ ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋል፣ ከዚያ ማስተካከል አይቻልም። በናይለን ክርና በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ነው የምትጸዳው። አየሩ ከመነፋቱ በፊት ተንሳፋፊውና ጎማዎቹ መውጣት አለባቸው። የሚኒሞ ማስተካከያ ብሎንም ከመፈታቷ በፊት መጨረሻዋን እስክትነካ ቀስ ብለህ አጥብቀህ ዙሯን ቁጠር፤ ስትመልሳት እዚያው ትመለሳለች።

ይህን የምታነቡ ፎር ስትሮክ ያላችሁ፣ ሞተራችሁ ኢንጀክሽን ከሆነ ቱቦ በዘፈቀደ አትፍቱ። በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ይረጫል። ካርብሬተር ያለው ፎር ስትሮክ ከሆነ ደግሞ የዘይት መለኪያውን አሽትቱ። ዘይቱ ጨምሮ ቤንዚን ከሸተተ የፓምፑ ዲያፍራም ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ እስኪሠራ አታስነሱት።

በሚቀጥለው ክረምት ጀልባዋ ስትቆም ቱቦውን ንቀልና ውኃ ላይ በሚኒሞ ራሱ እስኪጠፋ አሠራው። ከዚያ ካርብሬተሩን በማፍሰሻው ብሎን አድርቀው። ታንከሩን ወይ ሙሉ አድርገህ ወይ ባዶ አድርገህ አስቀምጥ፤ ግማሽ አይሁን። ባዶውን ብትመርጥ ይሻላል፤ ቤንዚን ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ይበላሻል፣ ጄቶቹ ላይም ሙጫ ይሠራል። አየር ማስገቢያዋን ዝጋ። ለጥምቀት ሰሞን፣ መንገደኛው ሲበዛ፣ አንድ ዲያፍራም፣ ሁለት ኦሪንግ፣ ሁለት ካንዴላና አራት ፋሸታ በላስቲክ ጠቅልለህ ጀልባዋ ውስጥ አኑር።

ለፈተና የምታፈሰውን ቤንዚንም በቆርቆሮ ሰብስበው፤ ወደ ሐይቁ አትድፋው። ጣና በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ነው። ከዚያም በላይ ግን ከዳርቻው ሰው እየቀዳ ይጠጣዋል፤ ዓሣውንም ይበላዋል።

ሁለት ሆናችሁ ወጥታችሁ ከፈተሻችሁ በኋላ ጻፍልኝ። ሞተሩ ሲደክም ጎማዋ ጠፍጣፋ ነበረች ወይስ ክብ? ክዳኑን ስታላላ ድምፅ ሰማህ? የተዋስከው ታንከር ሲገጠምስ ምን ሆነ? እነዚህን ሦስቱን ከነገርከኝ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዛ፣ ወይም ምንም መግዛት እንደማያስፈልግህ፣ በስሙ እነግርሃለሁ።